ዳኛን ከሸንጎ የሚያስነሣ ኪኒን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ለማወቅ ፈልጎ ሳይሆን ዝም ላለማለት ይመስለኛል። ወጣት ሐኪም ነው። ክንዴን ጠቀለለ፣ ነፋ፣ አስተነፈሰ፣ ደም ብዛት እንዳለብኝ ነገረኝ። ወረታ ላይ ድሬሰር ሆኜ እንደኖርሁ ብነግረው ቀና ብሎ አየኝና፣ «አባባ፣ በእናንተ ጊዜ ለደም ብዛት መድኃኒት ነበረ እንዴ?» አለ።

«ነበረ» አልሁት።

«ምን ነበረ?»

«አንተ አሁን የጻፍህልኝ ነበረ።»

ሣቀ። የጻፈልኝ የሽንት ኪኒን ነው። «ታዲያ ያኔ ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደር የቱ ይሻል ነበር?» ብሎ ጠየቀና መልሴን ሳይሰማ ደጅ የተቀመጠውን ቀጣይ በሽተኛ ጠራ። ወጣሁ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ለእሱ ሳልነግረው የቀረሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ። የሚያነብ ካለ ያንብብ፤ ከሌለም የለመድሁት ነው።

የተወለድሁት ፎገራ፣ ከሸማኔ ቤት ነው። በፎገራ ሜዳ ሰው የሚባለው ከብት ያለው ነው። ለሠርጉ እኛ የሠራነውን ኩታ ይለብሳል፣ ሲሞት እኛ በሠራነው ሸማ ይገነዛል፣ በደጃችን ሲያልፍ ግን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ይሰድበናል። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የነበረውን ነው የምለው። አባቴ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ ሲሸምን ኖሮ እዚያው ጎበጠ። እኔም እስከ ጎልማሳነቴ ሸመንሁ። ወረታ ላይ ጤና ጣቢያ ተከፍቶ ዘበኛና ውኃ ቀጂ ሲፈለግ መወርወሪያዬን ለወንድሜ ሰጥቼ ገባሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚባል የለውም።

ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከወጣ፣ ጎጆ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያስቆጠሩኝ የጤና ጣቢያው ዋና ድሬሰር አቶ ፈንታ ናቸው። ጎንደር ሆስፒታል የሠለጠኑ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው የማይወጣ ሰው ነበሩ። በየጠርሙሱ ላይ የመድኃኒቱን ስም በአማርኛ ጽፈው ይለጥፉ ነበር። አንድ ቀን መደርደሪያውን ስጠርግ ጠሩኝና ከአንዱ ጠርሙስ ላይ አንድ ቃል አሳዩኝ።

«ይኸ ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«መርዝ ይላል። ከዚህ እንጀምር። ይህችን ካላወቅህ የቀረውን ብታነበው ለእኔ አይጠቅመኝም።»

ሌላው ሰው ከሀ ይጀምራል፤ እኔ ከመርዝ ጀመርሁ። ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ እያልሁ ፊደሉን ጨረስሁት። ፋሻ መጠቅለል፣ መርፌ መቀቀል፣ ቁስል ማጠብ አስተማሩኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈተና አስፈትነው ድሬሰር አስባሉኝ። የመጀመሪያውን ነጭ ካፖርት የለበስሁ ዕለት የገበያው ሰው «ሸማኔው ደግሞ በሰው ሊሸምን ነው» ብሎ ሣቀ። የሣቀው ሁሉ ቆይቶ ክንዱን ሰጥቶኛል።

የአቶ ፈንታን አሠራር የሚያውቅ ካሁን በኋላ ስለማይኖር እዚህ ላይ ልዘግይ። ደም ግፊት ሲለኩ በሽተኛውን መጀመሪያ ያስቀምጡታል። ከሐሙሲት ወይም ከአንበሳሜ በእግሩ የመጣ ሰው ገና ላቡ ሳይደርቅ ከተለካ የመለኪያው ባዜቃ ይዋሻል ይሉ ነበር። አጠገቡ ተቀምጠው ስለ ከብቱ ይጠይቁታል። የፎገራ ሰው ስለ ከብቱ ሲጠየቅ ትከሻው ይወርዳል። ከዚያ «በቃ፣ አሁን ዝም በል» ይሉና ይለካሉ። የማዳመጫውን ብረት በመዳፋቸው ያሞቁታል። የላስቲክ ኳሱን ቀስ አድርገው እያላሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጣሉ። የመጀመሪያውን ልክ አይቀበሉትም፤ ትንሽ ቆይተው ደግመው ይለኩና ሁለተኛውን ይይዛሉ። በመጨረሻ በርከክ ብለው የበሽተኛውን ቅልጥም በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ጣታቸው ሲነሣ ጉድጓዱ ካልሞላ እግሩ ውኃ ይዟል ማለት ነው። ግራዝማችም ይሁን ለማኝ፣ ለሁሉም እግር ይበረከካሉ። እኔ ይህን ለማድረግ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ የሰደበኝን ሰው እግር መንካት ቀላል አይደለም።

አንድ አባባልም ነበራቸው። «ሰው የማይውጠው መድኃኒት ከሣጥን ያልወጣ መድኃኒት ነው» ይሉ ነበር። ጥሩ አባባል ነው። ኋላ ያጠፋንም እሱ ነው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከአዲስ አበባ የተላከ ሰው ነበር። ጭቃ ስለማይወድ ክረምቱን ጎንደር ይከርማል። ሌላ የምለው የለኝም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለደም ብዛት የነበረን የእንቅልፍ ኪኒንና ምክር ነው። ጨው ቀንሱ እንላለን። አንዲት ባልቴት፣ «ጨው የሌለው ወጥማ ለውሻዬ ብሰጠው ይቀየመኛል» ብላኝ ሄዳለች። የበዛ ደም ነው ከተባለ ማፍሰስ ነው የሚሻለው ብሎ ዋግምት የታገመበትን ጀርባ ይዞ የሚመጣም ሞልቷል።

ኋላ ከጎንደር ሁለት ዓይነት ኪኒን ይላክልን ጀመር። አንደኛው የሽንት ኪኒን ነው። ጠዋት አንዴ ይዋጣል፣ የሰውነትን ጨውና ውኃ ይዞ በሽንት ይወጣል፣ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። ክፋቱ ያስጠማል፣ አንዳንዱን ባቱን ይቆረጥመዋል፣ ድንገት ብድግ ሲል ያዞረዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተለይ ሲጀመር አላስቀምጥ ይላል። ሁለተኛው ሬዘርፒን የሚሉት ነው። ከአንድ የህንድ አገር ተክል ሥር የሚወጣ ነው ብለውናል። ይኸኛው ሽንት አያበዛም። ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ሰውየውን ያረጋጋዋል፤ አፍንጫውን ይደፍነዋል። ሦስተኛ በመርፌ የሚሰጥም ጎንደር ነበረ፤ እሱን የተወጋ ሰው ከአልጋው ሲነሣ ተዝለፍልፎ ይወድቃል ስለተባለ ለእኛ አልተላከም። በኋላ በኋላ ሌላም ሌላም መጥቷል። የምናገረው ግን በእጄ ስላለፉት ስለ ሁለቱ ነው።

ግራዝማች አድማሱን ያመጣቸው የአፍንጫ ነስር ነው። የርብን ወንዝ ዳር ይዞ የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። መሬት የተካፈለ፣ ሚስት የፈታ፣ ሰው የገደለ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ፊት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ከባድ ነገር ይዘው ነበር። ክረምት አልፎ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ በሚወጣው ለምለም ሣር ሁለት ወገን ተጣልቶ አንድ ጎረምሳ ተገድሏል። ገዳዩ ሸፍቷል። የሟች ወንድም ሞላ የሚባለው ደም ሊመልስ ምሏል፤ የገዳይ ወንድም ይርጋም ጠመንጃውን ሳይዝ ከብት አያጠጣም። ግራዝማች ይህን ደም ሊያደርቁ ከወገን ወገን ይመላለሱ ነበር።

አቶ ፈንታ እንደ ልማዳቸው አስቀመጧቸው፣ ስለ ከብት አጫወቷቸው፣ ለኩ። ደግመው ለኩ። ፊታቸው ምንም አላለም።

«ግራዝማች፣ ግፊትዎ ከፍ ያለ ነው። ዝም ካልነው አንድ ቀን እንደ ቆሙ ይጥልዎታል፤ ወይ አንደበትዎን ይይዘዋል።»

«እግሬን ይያዘው። አንደበቴን ግን አሁን እፈልገዋለሁ» አሉ ግራዝማች።

የሽንት ኪኒኑን ጀመሩ። ሲመለሱ ግፊቱ ወርዶ፣ ራስ ምታቱ ለቆ፣ ነስሩ ቆሞ ነበር። እኔ ራሴ ለካሁት። በዚህ ቢቀጥል ኖሮ የምጽፈው ባልነበረኝ።

ነገር ግን በዚያ አገር ሽማግሌ ለዕርቅ ከተቀመጠ ሁለቱ ወገን ቃሉን ሰጥቶ እስኪጨርስ ከወንበሩ አይነሣም። ከተነሣ ሊመክር ሄደ፣ እጅ መንሻ ሊቀበል ሄደ ይባላል። ከዛፍ ጀርባ ደርሶ የተመለሰ ዳኛ ቃሉ ከዚያ ወዲያ ቃል አይደለም። ግራዝማች በአንድ የድንበር ሙግት ተቀምጠው ኪኒኑ አስነሣቸው። ሲመለሱ ተሟጋቹ፣ «ከቁጥቋጦው ጋር ምን ተባባሉ፣ ጌታዬ?» አላቸው። ሰው ሣቀ። በዕድሜያቸው እንዲያ ተብለው አያውቁም። በነጋታው መጥተው የቀረውን ኪኒን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡት።

«ፈንታ፣ በዚህ ዕድሜ እንደ ሕፃን እየተነሣሁ አልሸናም።»

አቶ ፈንታ ማታ እንዲውጡት መከሩ። እሱም ሌሊቱን ሲያስነሣቸው አድሮ ቀን ሸንጎ ላይ ያንቀላፋሉ። ይኸም አልሆነም። ያን ጊዜ ነው አቶ ፈንታ ወደ ሬዘርፒኑ የዞሩት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። የማይውጡትን ከመስጠት የሚውጡትን መስጠት፤ ነገሩ ከዚያው ከአባባላቸው የመጣ ነው። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር፤ ያኔ የተጠየቀ ሁሉ ልክ ነው ይል ነበር። ግራዝማች ዋጡት። ግፊቱም ወረደ። መስከረም ላይ ሲለኩ አቶ ፈንታ ደስ አላቸው። ግራዝማች ግን በአፋቸው ይተነፍሱ ነበር፤ ስለ ከብታቸው ሲጠየቁም «ደኅና ናቸው» ብለው ዝም አሉ። አረጋጋቸው አልን።

የደም ዕርቁ ኅዳር ላይ ርብ ዳር፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። እኔ ወንድሜን ይዤ ሄጄ ከኋላ ቆሜ አየሁት። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ የገዳይ ወገን በሌላ በኩል፣ መሐል ላይ ግራዝማችና ሽማግሎቹ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው። የሟች አባት ተነሡና ዱላቸውን ተደግፈው፣ «ግራዝማች፣ ልጄን ሣር ገደለው ልበል? ምን ብዬ ልመን?» አሉ።

ሰው ሁሉ የግራዝማችን አፍ ጠበቀ። ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚመልሱት ቃል ነበራቸው፤ የርብ ዳር ሰው ያንን ቃል ለመስማት ነው የሚሰበሰበው። ግራዝማች መሬት መሬቱን አዩ። ቆዩ። በመጨረሻ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ሁሉም ሟች ነው» አሉና ዕንባቸው ወረደ።

«ተገዝተዋል» አለ አንድ ሰው ከሞላ ወገን።

«ኧረ ጃጅተዋል» አለ ሌላው።

የሟች አባት ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ሸንጎው ፈረሰ። ብዙ ሳይቆይ የይርጋ የአጎት ልጅ ከብት ሲያጠጣ በጥይት ጉልበቱን ተመታ። በቃሬዛ ወደ እኛ አመጡት። አቶ ፈንታ ደሙን አቁመው፣ አጥንቱን በጣውላ አስረው በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ሰደዱት። እግሩን ቆርጠው መለሱት። ልጅነቱ ያላለቀ ሰው ነበር።

ያን ሰሞን የግራዝማች ሚስት እመት ጥሩነሽ ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ለቀስተኛ ተቀመጡ።

«ፈንታ፣ ባሌን መልስልኝ።»

«ምን ሆኑ፣ እመት?»

«ሰውየው የለም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ላሚቱ ስትወልድ ወጥቶ አላያትም። ትናንት ደግሞ የት እንደምቀብረው ነገረኝ። አፍንጫው ተደፍኖ እንደ በግ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ጠበል ልወስደው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት ጀምሮ። ያንተን ፍሬ ከለወጠ ወዲህ።»

አቶ ፈንታ በእጃቸው የያዙትን ፋሻ አስቀመጡት። ከዚያ፣ «ይውሰዷቸው፣ እመት። ኪኒኑን ግን ከዛሬ ጀምሮ አይስጧቸው። አንድም ፍሬ» አሉ።

ሴትዮዋ ሲወጡ ለእኔ ነገሩኝ። «ጎንደር ዶክተሩ አንዳንዱን ያስተክዘዋል ብሎኝ ነበር። በክረምት ማን ይደሰታል ብዬ ችላ አልሁት። አረጋጋቸው ስል የነበረው ሰውየው ሲጠፉ ነው።» ይህን ብለው እጃቸውን ታጥበው ሌላ በሽተኛ ጠሩ። አልቅሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያ እግሩ የተቆረጠው ልጅ በየሳምንቱ ቁስሉን ሊያስጠርግ ይመጣል፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር፤ ራሳቸው ያጥቡታል።

ግራዝማች ጠበል ቦታ ሰነበቱ። ሬዘርፒን ሲገባም ቀስ ብሎ ነው፣ ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ከደም ለመጥራት ሳምንታት ይፈጃል። ጥር ላይ ተመለሱ። እመት ጥሩነሽ ሰውየው ከበሬዎቹ ጋር መነጋገር ጀመረ ብለው በደስታ ነገሩን። አገሩ ሁሉ ጠበሉ አዳናቸው አለ። እኔ በገንሁ።

«ኪኒኑን ስላስተዉአቸው ነው ብለው አይናገሩም?» አልኋቸው አቶ ፈንታን።

«ጠበሉ አዳናቸው ቢባል አንተን ምን ጎደለህ?»

«እውነቱ ጎደለኝ።»

«እውነቱን ለራሳቸው እነግራቸዋለሁ። ለገበያው አልነግርም።»

መንገራቸው ግድ ነበር፤ ምክንያቱም ያለ መድኃኒት ግፊቱ ተመልሶ ወጥቷል። ነስሩ እንደገና ጀመረ። ሁለታችን ቤታቸው ድረስ ሄድን። ግራዝማች ደጅ ላይ ጅራፍ ይገምዱ ነበር። አቶ ፈንታ ለኩ፣ ደገሙ፣ ተበረከኩ፣ ቅልጥማቸውን ተጫኑ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጡ ተናገሩ።

«ግራዝማች፣ ኅዳር ላይ አንደበትዎን የያዘው ዓይነ ጥላ አይደለም። እኔ የሰጠሁዎ ኪኒን ነው።»

ግራዝማች ጅራፉን መግመድ ተዉ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«የዚያ ልጅ እግርስ?»

አቶ ፈንታ የመለኪያውን ጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ።

«እሺ» አሉ ግራዝማች። «የነገርኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ሌላው ሁሉ ከሰይጣን ጋር ነው ያጣላኝ። አሁን ምን ትለኛለህ?»

«ለእርስዎ ያለኝ ያ የመጀመሪያው ነው። የሽንቱ። እሱ ራስዎን አይነካም። ካልዋጡት ደግሞ የሁለቱን ወገን ዕርቅ ሳያዩ ይጥልዎታል ብዬ እፈራለሁ።»

«ብውጠው ዕርቁን ያፈርሰዋል፤ ባልውጠው እኔን ያፈርሰኛል።»

«እንዲያ ነው።»

«ምን ዓይነት መድኃኒት ነው የተሸከምኸው፣ አንተ ሰው» አሉና ጅራፋቸውን ቀጠሉ። ኪኒኑን ግን ተቀበሉ።

ሁለተኛው ሸንጎ ከፋሲካ በኋላ በዚያው ዋርካ ሥር ተጠራ። አሁን ካልታረቁ ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲወጣ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ያ ልጅ እግሩን አጥቷል፣ ቀጣዩ ነፍሱን ያጣል። አቶ ፈንታ መለኪያውን አሸክመው እኔን ላኩኝ። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ግራዝማችን ሲነሡ ያዞራቸዋልና ከአጠገባቸው እንዳትርቅ፣ ቀስ ብለው እንዲነሡ አድርግ አሉኝ። «ሸማኔው ከመቼ ወዲህ ነው ሸንጎ የሚቀመጠው?» ያለ ነበር። ኋላ ሪህ ይዞት መጥቶ በደንብ አክሜዋለሁ።

ግራዝማች ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ሳይነሡ እጃቸውን አነሡ።

«ከነገሩ በፊት አንድ ቃል አለኝ። ስሙኝ። እኔ በሽተኛ ነኝ። የምውጠው መድኃኒት ውኃዬን ያወርደዋል። ዛሬ ከዚህ ወንበር እነሣለሁ፤ ደጋግሜ እነሣለሁ። ስነሣ ልመክር አይደለም፣ እጅ መንሻ ልቀበል አይደለም፣ ልሸና ነው። አምናችሁ ተቀበሉኝ አልልም፤ ዳኛ በእምነት አይታለፍም። ከየወገናችሁ አንድ አንድ ሰው ስጡኝ። ስነሣ ይከተሉኝ፤ ከማን ጋር እንደምነጋገር ቆመው ይዩ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ለሽንትም ምስክር ይቆጠራል፣ ግራዝማች?» አለ።

«ዛሬ ተከሳሹ እኔ ነኝ። ቁጠሩብኝ» አሉት።

ሣቁ ከሁለቱም ወገን መጣ። የሟች አባት አልሣቁም፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ልጃቸው ወደ ሞላ ጠቆሙ። በዚያኛው በኩል ይርጋን ሰጡ። ከሌላው ሰው ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚጠራጠሩትን ሁለቱን የሰጡት ሆን ብለው ነው፤ ማንም ለሌላው አያዳላም።

የመጀመሪያውን ጊዜ ሲነሡ እኔ ክርናቸውን ይዤ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ በሩቁ ሆነው፣ ዱላቸውን አጥብቀው ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ወረድን። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሞላና ይርጋ እርስ በርሳቸው እየተጠባበቁ እሳቸውን ማየት ረሱ። ተመለስን።

በሁለተኛው ግራዝማች ቆዩ። ሞላ ተቁነጠነጠ፣ «አልጨረሱም እንዴ?» አለ ወደ ማንም ሳያይ።

«የበሬ ሽንት ነው እኮ» አለ ይርጋ፣ እሱም ወደ ማንም ሳያይ።

ሞላ ፊቱን አዞረ። ሊሥቅ እንደሆነ ትከሻው አስታወቀበት።

በየመሐሉ ሸንጎው ይቀጥላል። ግራዝማች ተመልሰው ሲቀመጡ ነገሩን ከተዉበት ያነሡታል። የሟች አባት ያንኑ የኅዳሩን ጥያቄ መልሰው ጠየቁ፤ ልጄን ሣር ገደለው ልበል ወይ አሉ። ግራዝማች፣ «ሣር አትበል፣ ወንድሜ። ሰው ገደለው። ሰው ገደለው ብለህ ስታምን ነው ሰው ይቅርታ ሊጠይቅህ የሚችለው፤ ሣር ምን አንደበት አለው?» አሉ። የአገሩ ሰው የጠበቀው እንዲህ ያለውን ነው። የሟች አባት ዱላቸውን መሬት አስተኙት።

ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ደግሞ ተነሡ። እንደ ልማዳችን ወረድን። ግራዝማች ጀርባቸውን ሰጡ። ከዚያ ሞላ፣ ዓይኑ ወንዙ ላይ እንዳለ፣

«ያች ግንባረ ቦቃ ላማችሁ ወለደች?» አለ።

ይርጋ ዱላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ወለደች።»

«ምን?»

«ወንድ። ቀይ ቦቃ።»

«ከእኛ ኮርማ ነው።»

«ከእናንተ ኮርማ መሆኑን እናቴም ብላለች። ሻኛው ገና ከአሁኑ ያስታውቃል።»

እኔ የግራዝማችን ክርን ይዤ ስለነበረ የማየው ነበረኝ። ሽማግሌው ከጨረሱ ቆይተዋል። ሱሪያቸውን አጥብቀዋል። ውኃውን እያዩ ቆመው ነበር። «ላዙርዎ?» ስላቸው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ሁለቱ ከጥጃው ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ደግሞ እግሩ ወደተቆረጠው ልጅ ደረሱ። እዚያ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ፤ የተባባሉትን አልሰማሁም። ግራዝማች ያን ጊዜ ብቻ ዘወር አሉ።

ያ ወጣት ሐኪም መልስ ይፈልግ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው። የሽንት ኪኒኑ ይሻል ነበር። ግፊቱን ያወርዳል፣ ርካሽ ነው፣ ሰውየውን ለራሱ ይተውለታል። ሬዘርፒኑ የረዳው ሰው የለም አልልም፤ ብዙ ሰው ውጦት ምንም ሳይሆን ኖሯል። ግን ለአንደበቱ የሚኖርን ሰው አንደበት ይዞበት አይቻለሁ። ይህንንም መጽሐፍ አላስተማረኝም፤ አቶ ፈንታም ያን ልጅ እግር እያጠቡ ነው የተማሩት። እሳቸው በኋላ ወደ ቆላ ተዛውረው እዚያው ሞቱ፤ ከመሥሪያ ቤታቸው ቀብራቸው ላይ የተገኘ የለም።

ያን ዕለት ማምሻውን ሁለቱ ወገን መስቀል መትቶ ለዕርቁ ማለ። የገዳይ አባት ድንጋይ ተሸክመው ወጡ፤ የሟች አባት ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከጫንቃቸው አወረዱት። ያለቀሰ አለቀሰ። ካሣውም፣ ሸፍቶ የነበረው የሚገባበትም ቀን ተቆረጠ። ዳኝነት አበቃ፤ ከዚህ ወዲያ ግራዝማችን የሚጠብቅ፣ የሚጠረጥርም የለም። ቄሱ ምርቃቱን ጀምረው ከእኩሌታው ሲደርሱ ሽማግሌው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ደግሞ መጣብኝ» አሉ። ክርናቸውን ይዤ ቀስ አድርጌ አስነሣኋቸው።

ትንሽ እንደተራመድን ኮቴ ሰማሁና ዞር አልሁ። ማንም ሳይልካቸው ሞላና ይርጋ ተነሥተው ይከተሉን ነበር። ዱላቸውን ረስተውት መጥተዋል።